አንዲት የምርመራ ወረቀት

የተከበራችሁ የጉባኤው ተሳታፊዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣

እንድናገር የተጋበዝኩት ከማጣሪያ ጣቢያዎቻችን የሚወጣውን ዝቃጭ፣ ማለትም ፍሳሽ ወይም ውኃ ሲጣራ ከሥር የሚቀረውን ጭቃ፣ መልሶ ስለመጠቀም ነው። ዝቃጭ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ከማድረቂያው ላይ በአካፋ ስንዝቀው የኖርን ሰዎች ነንና። ስለዚህ ለዓመታት ሲከነክነኝ ወደኖረው ጉዳይ በቀጥታ እገባለሁ።

ከዓመታት በፊት፣ በምሠራበት ጣቢያ፣ አንዲት እናት ማለዳ አህያቸውን እየነዱ መጡ። ከጣቢያው በታች፣ ወንዙ ዳር ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙ ሴት ናቸው። ሦስት ባዶ ማዳበሪያ አጣጥፈው በብብታቸው ይዘዋል፤ በአንዱ ላይ «ዩሪያ» የሚለው ጽሑፍ ገና አልለቀቀም። ከአጥሩ ሥር ሁለት ዓመት ያለፈውን፣ እንደ አፈር የተፈረፈረውን ክምር ዘግነው አሸተቱና፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ፍግ ነው፤ የማዳበሪያው ዋጋ አልቀመስ ብሎኛል፣ ሙላልኝ» አሉኝ። ክምሩ ጉዳት እንደሌለው የሚመሰክር አንዲት ወረቀት በእጄ ስላልነበረች ባዶ እጃቸውን መለስኳቸው።

በሳምንቱ አጥሩ ተቀዶ አደረ። ሌሊት የገባው ሰው የወሰደው የቆየውን ክምር አልነበረም፤ ለመንገዱ ከሚቀርበው ማድረቂያ ላይ ገና ያልጠነከረውን፣ የወስፋት እንቁላል በሕይወት ሊኖርበት የሚችለውን ነው። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የአንድ ሰው ማሳ ላይ እንደዋለ ግን አልጠራጠርም። ክልከላዬ ማንንም እንዳልጠበቀ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ናሙናው እንዲመረመር ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በጀት አልተያዘለትም ተባልኩ። በዚያው ዓመት ክምሩ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ቆሻሻ መጣያ ላይ ተደፋ። ለመድፊያው ነዳጅ ተገኘ፣ ለመመርመሪያው ግን ገንዘብ ታጣ! ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በምታርስ አገር፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የያዘ ክምር ማንም ሳይመረምረው ይጣላል። ይህን ጥንቃቄ ብሎ የሚጠራ ካለ በፊቱ እነግረዋለሁ፤ ጥንቃቄ አይደለም፣ ኃላፊነትን መሸሽ ነው።

መለኪያ የለም እንዳንል መለኪያው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ለእርሻ የሚውል ዝቃጭ በ1 ግራም ደረቅ ይዘቱ ከ1 ያነሰ የጥገኛ ትል እንቁላል ሊኖረው እንደሚገባ፣ ለዚህም ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ አካባቢ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ተከማችቶ መቆየት እንዳለበት ያስረዳል። የአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ዝቃጯን አድርቃ በከረጢት ለማዳበሪያነት መሸጥ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው።

ከቆዳ ፋብሪካ የሚመጣው ክሮም የተባለው ብረት በማድረቅም በማብላላትም እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ወደ ፍሳሽ መስመሩ ሳይገባ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ መያዝ አለበት። የመጠጥ ውኃ ዝቃጭም ለብቻው ይታይ፤ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ፎስፈረስን ለሰብሉ ሳይለቅ አጥብቆ ስለሚይዝ ከማሳ ይልቅ ለጡብ ሸክላ ድብልቅ ይስማማል።

እያንዳንዱ ጣቢያ ለሚቀጥለው ጉባኤ አንዲት የምርመራ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ እጠይቃለሁ። የእኔ ጣቢያ ናሙና ባለፈው ሳምንት ተልኳል፤ ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም እዚሁ ቆሜ አነበዋለሁ።

አመሰግናለሁ።