ብል የበላው ዝንብ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና አንድ መጽሐፍ ብቻ ነን። ከማኅደሩ ሳወጣው ድምፁን ስሙት...

ሰማችሁት? ማኅደሩ በልኩ ስለተሠራ ነው እንዲህ ሸርተት እያለ የሚወጣው።

ስለ ፍላይ ፊሺንግ የተጻፉ መጻሕፍት እሰበስባለሁ። ያገኘሁትን ሁሉ አይደለም። በቁጥር ተወስነው የታተሙትን፣ በቆዳ አምረው የተጠረዙትን ነው። ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፍላይ ፊሺንግ በትል ሳይሆን በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ነው። ላባ፣ የእንስሳ ፀጉርና የሐር ክር መንጠቆ ላይ ይታሰራል። ዓሣው ውሃ ላይ ያረፈ ነፍሳት ይመስለውና ይጎርሰዋል።

ስለዚህ ጥበብ ብዙ ተጽፏል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። በ1496 እንግሊዝ አገር፣ ዌስትሚንስተር ላይ የታተመ አንድ ጽሑፍ 12 ዝንቦችን ይዘረዝራል። የአይዛክ ዋልተን ዝነኛ መጽሐፍ በ1653 ወጣ። በ1676 ደግሞ ቻርልስ ኮተን ስለ ዝንብ ሰፊ ክፍል ጨመረበት።

ግን አንድ ችግር ነበር። ቀለም።

መጽሐፉ «ገላው የወይራ ቀለም ይሁን» ይላል እንበል። የቱ ወይራ? ቅጠሉ ነው ፍሬው? የበሰለው ነው ጥሬው? ሐሩ ውሃ ሲነካው ደግሞ ይጠቁራል። ዝንብ የሚያስር ሰው በቃል ብቻ እንዴት ይግባባል? አልፍሬድ ሮናልድስ በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ ነፍሳቱንና ሰው ሠራሾቹን ጎን ለጎን ሥሎ አሳየ። ሥዕሎቹ አንድ በአንድ በእጅ ነበር ቀለም የተቀቡት። ትልቅ እርምጃ ነበር።

ፍሬድሪክ ሃልፎርድ ግን ከሥዕልም አለፈ። በ1897 «ድራይ ፍላይ ኢንቶሞሎጂ» የተባለውን መጽሐፉን ሲያወጣ፣ አንድ የተለየ እትም አዘጋጀ። 75 ቅጂ ብቻ። በውስጡ ሥዕል ሳይሆኑ በእጅ የታሰሩ 100 ዝንቦች ተቀምጠዋል። ወፍራሙ ካርቶን ይቦረቦራል፣ ዝንቡ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። መጽሐፉ ሲዘጋ አይጨፈለቅም።

እስቲ አስቡት። 75 በ100 ሲባዛ 7,500 ዝንብ ነው። እያንዳንዱ በእጅ የታሰረ።

እኔን የሚማርከኝ እዚህ ላይ ነው። ቅጂው ያነሰው ጣት ስለሚደክም ነው። የፕሬስተን ጄኒንግስን መጽሐፍም እዩት። ዴሪዴል ፕሬስ በ1935 ሲያሳትመው ዋናው እትም 850 ቅጂ ነበር። የታሰረ ዝንብ ያለበት ግን 25 ብቻ። ዛሬ ቁጥሩ ለገበያ ብቻ የሚለጠፍበት መጽሐፍ ሞልቷል። እንደዚያ ያለው እጄን ለመዘርጋትም አያነሳሳኝም። ከቁጥሩ ጀርባ ሥራ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ። ይሄኛው መጽሐፍ እንደነዚያ ስመ ጥር አይደለም። እሱም ግን በውስጡ ዝንቦች አሉት። የተጠረዘው በፍየል ቆዳ ነው። የፍየል ቆዳ ጠንካራ ነው፣ ቅንጣት ቅንጣት ያለው ገጽታው በእጅ ሲዳሰስ ይታወቃል። ስሱ የበግ ቆዳ ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል፤ ቀይ ዱቄት ሆኖ እጅ ላይ ይቀራል። ጀርባው ላይ አምስት ጉብታ አለ። ከሥራቸው ገጾቹ የተሰፉበት ገመድ ነው ያለው። ስትገልጡት ዘርጋ ብሎ ይተኛል። በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ እንዲህ አይታዘዝም።

የገዛሁት ከሩቅ ነው። ሻጩ «ዝንቦቹ በሙሉ አሉ» ብሎኝ ነበር። ጥቅሉን ፈታሁ፣ ገጹን ገለጥኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። ሰባተኛው ጋ ስደርስ ክው አልኩ። መንጠቆው አለ። ሐሩም አለ። ላባው የለም። ጉድጓዱ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ፣ እፍ ቢሉት የሚበን ብናኝ ብቻ።

ብል በልቶታል።

በጣም ተናደድኩ። ልመልሰው ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ከዚያ መብራቱን ጠጋ አድርጌ ገጹን በደንብ አየሁት። ከባዶው መንጠቆ ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ደቃቅ ጽሑፍ። «ሦስት ትራውት፣ ሲመሽ» ይላል። ትራውት የዓሣ ዓይነት ነው።

ደብዳቤውን ተውኩት።

ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይህን ዝንብ አይቶ፣ አስመስሎ አስሮ፣ ወንዝ ወርዷል ማለት ነው። ተመልሶም ጽፎበታል። ውድ መጽሐፍን በላስቲክ አሽገው ሳይገልጡት የሚያስቀምጡ ሰብሳቢዎች አሉ። እርሳስ የነካው ገጽ ለእነሱ የተበላሸ ገጽ ነው። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግን አልስማማም። ዝንቡ መጽሐፉ ውስጥ የገባው እንዲታይና እንዲታሰር ነበር። ሰባተኛው ዝንብ ብል ሳይደርስበት ሥራውን ሠርቷል።

ሌሎቹን እንዳላጣ ግን እጠነቀቃለሁ። መጽሐፉን ለጥገና ባለሙያ ሰጥቼ ነፍሳት አለመቅረቱን አረጋግጣልኛለች። ፀሐይ አይነካውም፣ እርጥበት የለውም። መንጠቆው ስለሚዝግ ለእሱም እርጥበት ጠላት ነው። በየወሩ ገልጬ አየዋለሁ። ብል የሚወደው ጨለማና ዝምታ ነው።

ባለፈው ሳምንት ዝንብ የሚያስር ወዳጄ ቤቴ መጣ። የጎደለውን እንደገና አስሬ ልተካልህ አለኝ። ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባ ለመንኩት። አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ ነገ ሌላ ሰው እንዲሳሳት አልፈልግም። እሺ አለ።

መጽሐፉን መሃላችን ዘረጋነው። አሠራሩን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱ አሰረ። ገላው ላይ ሲደርስ ቆም አለና «የቱ ወይራ?» አለኝ። ጎንበስ ብለን ከመንጠቆው ላይ የተረፈችውን ሐር አየን። ከክሮቹ መሃል አንዱን መርጦ ጎኗ ያዘው። ራሱ ነበር።

ዝንቡን ትንሽ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩበት። ማኅደሩ ውስጥ፣ ከመጽሐፉ ኋላ ነው ያለው።