ካሜራውን አዙሪ ያለኝ ሰው የለም

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ዛሬም አብሮን አለ፣ ኤዲት አላደርገውም፣ ደክሞኛል።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ ነበር የማወራው፣ ቃል ገብቼ ነበር፣ አውቃለሁ። ግን እሁድ የሆነ ነገር ሆነና ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነን፣ ከልጆቹ ጋር። ቆሮሶ ጥብስ አዘናል፣ ዳጣው ቀድሞ መጥቶ እሱን በዳቦ እየነካካን ነው። ስልኬ ጠራ፣ ቪዲዮ ኮል፣ ወንድሜ ነው። አነሳሁት። እና ገና ሰላም እንኳን ሳይለኝ ካሜራውን ገልብጬ ጠረጴዛውን ዙሪያውን አሳየሁት። ቀስ ብዬ ነው ደግሞ፣ እያንዳንዷ ፊት ላይ ቆም እያልኩ። አንድ ባዶ ወንበር አለ፣ ቦርሳዬ ነው እሱ ላይ ያለው፣ ቦርሳውን አነሳሁት። ገባችሁ? ወንበሩ ላይ ሰው እንደሌለ እንዲታይ ቦርሳውን አነሳሁት! ወንድሜ "ምንድነው የምታሳዪኝ?" አለኝ። የእማዬን መድኃኒት ስም ሊጠይቀኝ ነው የደወለው።

ልጆቹ ዝም አሉ። ከዛ አንዷ "ዓሣው መጣ" አለች። ዓሣው ግን አልመጣም ነበር።

የድሮ ፍቅረኛዬ፣ ጋሽ ሎኬሽን (ስሙን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኔ የለሁበትም)፣ እንደዛ ነበር የሚያስደርገኝ። ሎኬሽን መላክ ብቻ አይበቃውም፣ አዙሪው፣ ወደ ግራ፣ ከኋላሽ ያለው ማነው፣ አስተናጋጅ ነው ስለው ትሪውን ያሳየኝ ይላል ሃሃ... አሁን ያስቃል። ያኔ አያስቅም ነበር። ስንት ጊዜ ሆነን ከተለያየን፣ ብሎክ አድርጌዋለሁ፣ ሰፈር ቀይሬያለሁ፣ እጄ ግን ወሬው ገና አልደረሰውም መሰለኝ።

እዛው ቁጭ ብዬ አባ ኮዳዎቹን ሳያቸው ነበር። ታውቋቸዋላችሁ፣ ራሰ በራዎቹን ትልልቅ ወፎች፣ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች አንዳንዴ አንጀቱን ይወረውሩላቸዋል፣ አንዳንዴ ዞር ብለው አያዩዋቸውም፣ እነሱ ግን ቀኑን ሙሉ ውልፍት የለም። ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት እርግቦች ላይ የሠራው ነገር አለ፣ እርግቧ በምንቃሯ ነካ ባደረገች ቁጥር ምግብ ከሚሰጣት ይልቅ አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳታውቅ ሲሰጣት፣ ምግቡ ጭራሽ ከቀረ በኋላም ለረጅም ጊዜ መንካቷን አትተውም። ይሄን ሳነብ አለቀስኩ... አይ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ሳቅኩ። ምክንያቱም ሰውዬው ሁሌ ክፉ ቢሆን ኖሮ በጊዜ እሄድ ነበር እኮ። አንድ ቀን ተነስቶ ፍቅር ሐይቅ ይወስደኛል፣ ቡና እንጠጣለን፣ ጀልባ እንሳፈራለን፣ ስልኬን ዞር ብሎ አያየውም፣ እኔ ያቺን ቀን ይዤ ወር እከርማለሁ። አባ ኮዳ ነኝ እያልኩ አይደለም። ወይ እንጃ።

"ትጸጸቻለሽ?" ትሉኛላችሁ ኢንቦክስ። አብሬው በመሆኔ... ብዙም። ማለቴ እሱ አይደለም የሚያንገበግበኝ። የጓደኛዬ ሠርግ ነበር፣ አዳማ፣ ሚዜ ነኝ፣ ቀሚሱ ተሰፍቷል፣ ቦርሳዬን አሰናድቼ ዋዜማው ላይ አኮረፈ። አትሂጂ አላለም እኮ! አኮረፈ ብቻ። ቀረሁ።

ጊሎቪችና ሜድቬክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1995 የጻፉት አለ፣ ሰው ለጊዜው የሚቆጨው ባደረገው ነገር ነው፣ ጊዜ ሲረዝም ግን ይበልጥ የሚቆጨው ባላደረገው ነው ይላሉ። እሺ፣ ደስ ይላል፣ ግን የኔውን የት ሊያስገቡት ነው? መቅረት ማድረግ ነው አለማድረግ? ቁጭ ብዬ እኮ ነው የቀረሁት፣ ሻይ አፍልቼለት ሁሉ... ተዉት፣ ተዉት።

እና እሁድ "ዓሣው መጣ" ያለችው እሷ ነች። ሙሽራዋ።

ስለዛ ቀን አንድም ጊዜ አንስታብኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወይ አይሻለኝም፣ ስድብ ጠግቤያለሁ። አሁን ቅዳሜ ቤቷ ጠርታኛለች፣ ምናልባት የሠርጉን ቪዲዮ ክፈቺልኝ እላት ይሆናል። ባሏ ካለ ደግሞ አይመችም፣ በኔ ቦታ እህቱን ነው አሉ ያቆሟት፣ ባላት ቀሚስ፣ ከሌሎቹ ጋር ቀለሙ አይገጥምም አሉ፣ እኔ አላየሁትም፣ እና እሷም እኮ ቀሚሱን የት አደረግሽው ብላ ጠይቃኝ...