«ምች ነው»

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ልጄ ላጫውታችሁ ነው።

ያኔ 14 ወሩ ነበር። ሳል ጀመረው፤ ማታ ላይ ሰውነቱ ጋለ። እማዬ አየችውና «ምች ነው» አለች። ወደ ጓሮ ወጥታ ዳማከሴ ቀጥፋ ተመለሰች። በመዳፏ አሸችና ሲኒ ላይ ጨመቀችው። ያ አረንጓዴ ጭማቂ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ግንባሩን ቀባችው፤ አስሸተተችው። ቤቱን ሽታው ሞላው። እኔም ያደግኩት በዚያ ሽታ ነው፤ ዛሬም ሲሸተኝ ልቤ ይረጋል።

እኔ ደግሞ የራሴን ጨመርኩበት። የጎረቤታችን ልጅ ታዞለት ጠጥቶ ያስተረፈው አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ነበር። ለምኜ አመጣሁና በሻይ ማንኪያ ሰጠሁት። መጠኑ በልጁ ኪሎ እንደሚሰላ አላሰብኩም። ዱቄቱ አንዴ በውሃ ከተበጠበጠ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ እንደሚያገለግልም አላወቅኩም። ያ ጠርሙስ ወር አልፎታል።

በ3ኛው ቀን የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ቤት መጣች። ልጁ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል። ትንሽ አየችውና ሹራቡን ገለጥ አደረገች። ስልኳ ላይ ሰዓት ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሆዱን ብቻ ተመለከተች። ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ «54» አለች። ዓመት ከሞላው እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን አተነፋፈስ ነው አለችኝ። ከ2 ወር እስከ ዓመት ላለው ደግሞ 50። አየር ሲስብ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ እንደሚሰረጉድም በጣቷ አሳየችኝ።

እኛ 3 ቀን ሙሉ ግንባሩን ስንዳብስ ነበር የከረምነው። ደረቱን ያየ የለም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ «የሳንባ ምች ነው» ተባልን። እማዬ «እኔስ ምች ነው አላልኩም?» አለች። እውነቷን ነው፣ ብላለች። ይህን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ አስበዋለሁ። ያው «ምች» ነው፤ አንዱን በቅጠል እናሸዋለን፣ ሌላው ግን በሰዓታት ውስጥ ሊብስ ይችላል። ልጄ በኪሎው ተሰልቶ መድኃኒት ታዘዘለት፣ 5 ቀን ወሰደ፣ ዳነ። ተመስገን።

ዳማከሴ ልጄን ጎዳው አልልም። የጎዳን የጠበቅናቸው 3 ቀናት ናቸው። ማርም ቢሆን ዓመት ለሞላው ልጅ ሳሉን ያለዝብለታል። ዓመት ላልሞላው ግን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ ግን አልደራደርም። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሕፃን ይሞታል። እባካችሁ ተዉት።

ባለፈው ሳምንት ታናሽየዋን አተኮሳት። 2 ዓመቷ ነው። እማዬ እንደ ልማዷ ወደ ጓሮ ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና «በይ፣ እኔ እስክመለስ ቁጠሪ» አለችኝ።

ሹራቧን ገለጥኩ። 34።