ረቂቃቸውን አንብቡላቸው፦ ለሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ከሩቅ በአውቶቡስ ተንገላታችሁ ለደረሳችሁልን ሁሉ ከልብ እናመሰግናለን።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርባሉ። ባጭሩ የስታቲስቲክስ ስልጠና ሰጥተናል። የጥናት ሐሳብ አጻጻፍም እንዲሁ። ጀማሪ ተመራማሪዎቻችን መድረክ ላይ ቆመው ሥራቸውን አቅርበዋል። ሳያቸው ኮርቻለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ላንሳ።

አምና ክረምት ከአንዲት ወጣት አባላችን ጋር መስክ ወጥቼ ነበር። አንድ ሕፃን ትናንት ምን እንደበላ እናቱን ትጠይቃለች። "እንጀራ በሽሮ" አለች እናት። ልጁ ግን የበላው ከእህቶቹ ጋር፣ ከአንድ ትሪ ነው። ስንት ጉርሻ? ጉርሻውስ ምን ያህላል? ልጅቷ ሚዛኗን አወጣች። እንጀራ አስቆርሳ መዘነች፣ ደግማ ጠየቀች፣ ደግማ መዘነች። ስንወጣ "ዶክተር፣ በጤፉ ውስጥ የምንለካው ብረት ከእህሉ ነው ወይስ ከአውድማው አፈር? ከአፈሩ ከሆነ እኮ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም" አለችኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ብዬ አልጠየቅኩም።

ይቺ ልጅ መረጃውን ተንትና የጥናት ጽሑፍ ረቂቅ ጽፋለች። ረቂቁ አማካሪዋ ኢሜይል ውስጥ ከገባ ሰባት ወር አልፎታል። አማካሪዋ አባላችን ናቸው። ዛሬ እዚህ የሉም።

እሷ ብቻም አይደለችም። ወጣቶቻችን ደም ቀድተው፣ በበረዶ ሳጥን ተሸክመው ከተማ ያደርሳሉ። ናሙናው ውጭ አገር ሄዶ ይመረመራል። ጽሑፉ ሲወጣ ስማቸው የሚገኘው ከጸሐፊዎቹ ጋር ሳይሆን ምስጋናው ላይ ነው፣ ከተገኘ።

መንግሥት የገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን፣ ማለትም ልጅ ለዕድሜው ቁመቱ ማጠሩን፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻችን ከግማሽ በላይ የቀነጨሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 38 በመቶ ሆነዋል። ይህን ያወቅነው የሚያለቅስ ሕፃን የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ላይ አስተኝተው፣ ጉልበቱን ቀስ አድርገው ይዘው የለኩ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ለምን ቀነጨረ የሚለው ግን በሜትር አይመለስም። የበላው ምግብ አንጀቱ ውስጥ ምን ይሆናል? የሚመላለስበት ተቅማጥ ምን ያህሉን ይወስድበታል? ይህን የሚመረምር ሰው ካላሰለጠንን ዝም ብለን ስንለካ እንኖራለን።

"በጀት የለም" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የላብራቶሪ ኬሚካል በዶላር ነው የሚገዛው። መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሩ ውስጥ ስላለው ናሙና የማይጨነቅ ማን አለ? ረቂቅ ለማንበብ ግን የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

ዛሬ ያልመጣችሁ ነባር አባላት፣ ይህ ንግግር እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። እኛንም ሰው አንብቦልን ነው። የመጀመሪያ ረቂቄን መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ አቅልመው ነበር የመለሱልኝ። በሳምንቱ! ወረቀቱ እስካሁን ቤቴ አለ። እባካችሁ፣ ወጣቶቹ ስልክ ሲደውሉላችሁ አንሱላቸው።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ዝርዝር አስቀምጠናል። የወጣቶቹ ስም አለ፣ ርዕሳቸውም አለ። ከሁለት ወጣቶች ስም ጎን የእኔን ስም ጽፌያለሁ፤ የሌሎቹ ጎን ባዶ ነው። ለሻይ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉ፣ አንብባችሁ የምትመልሱበትን ቀንም አብራችሁ ጻፉ።