ዋናው ቅርጹ ነው፦ ስለ ቫይረስ የገጽ ፕሮቲንና ስለ ክትባት የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት ስለ ቫይረሶች የገጽ ፕሮቲን ባወራንበት ሰዓት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልቆ መስመር ላይ የቀራችሁ ብዙ ናችሁ። ያልደረስኩባቸውንና በችኮላ ያለፍኳቸውን ጥያቄዎች እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። የአንዳንዱ መልስ ረዘም ይላል፤ ጥያቄው ስለሚገባው ነው።

አንዲት አድማጭ፦ "ቫይረሱ ውስጥ ስንት ነገር እያለ ክትባት ለምን ከላይ ያለው ፕሮቲን ላይ ብቻ ያነጣጥራል?"

ከዚህ መጀመራችን ጥሩ ነው። ቫይረስ በጣም ትንሽ ጥቅል ነው። ውስጡ የዘረመል መመሪያው አለ፤ ውጪው ላይ ፕሮቲኖቹ አሉ። ብቻውን መራባት አይችልም። የግድ ሴላችን ውስጥ መግባት አለበት። ለመግባት ደግሞ መጀመሪያ ሴሉን መያዝ አለበት። የሚይዝበት እጁ የገጽ ፕሮቲኑ ነው። የኮሮና ቫይረስ ስፓይክ በሚባለው ፕሮቲኑ ሴላችን ላይ ያለውን ኤሲኢ 2 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ሄማግሉቲኒን በሚባለው ፕሮቲኑ ሳያሊክ አሲድ የሚባል የስኳር ዓይነት ይይዛል።

ፀረ እንግዳ አካል ወይም አንቲቦዲ የምንለው በደማችንና በአፍንጫችን ፈሳሽ ውስጥ ይዘዋወራል። ቫይረሱን ሰብሮ አይገባም። የሚያገኘው ውጪ ያለውን ነው። ያንን እጅ ከሸፈነበት ቫይረሱ ሴሉን መጨበጥ ያቅተዋል።

"ብቻ" ያሉትን ግን ትንሽ ላስተካክል። ቲ ሴል የሚባሉት የመከላከያ ሴሎቻችን የቫይረሱን የውስጥ ፕሮቲኖችም ይለያሉ። ቫይረሱ የገባበትን ሴል ያጠፋሉ፤ በሽታው እንዳይጠና ይረዳሉ። ቫይረሱን ገና ከበሩ ላይ ለማስቆም ግን የገጽ ፕሮቲኑን የሚያክል ዒላማ የለም።

አንዲት እናት፦ "ልጄ በሦስት ወሩ አርኤስቪ በሚባል ቫይረስ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ቫይረሱ ከታወቀ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል አሉኝ። ታዲያ ክትባቱ እስካሁን ለምን ዘገየ?"

እንኳን ልጅዎ ተረፈልዎ። የነገሩዎት እውነት ነው። ቫይረሱ የታወቀው በ1950ዎቹ ነው። ጨቅላ ሕፃናትን ሳንባቸው ላይ የሚያጠቃ ነው፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ክትባት ለመሥራትም ወዲያው ነበር የተሞከረው። የዘገየበት ምክንያት የሚያሳዝን ታሪክ ነው፤ ሳላሳጥር ልንገርዎ።

በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱ በፎርማሊን ተገድሎ ለሕፃናት በክትባት መልክ ተሰጠ። ዘዴው አዲስ አልነበረም፤ ለፖሊዮ በደንብ ሠርቶ ነበር። የአርኤስቪ ወቅት ሲመጣ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ከተከተቡትና በኋላ በቫይረሱ ከተያዙት ሕፃናት 80 በመቶው ሆስፒታል ገቡ። ካልተከተቡትና ከተያዙት ሕፃናት ሆስፒታል የገቡት 5 በመቶ ነበሩ። ከተከተቡት ሁለቱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለሕፃናት የአርኤስቪ ክትባት ለመሞከር የሚደፍር ለረጅም ጊዜ ጥቂት ነበር። ማንስ ይፈረድበታል?

ምን ነበር የተበላሸው? የሕፃናቱ አካል አንቲቦዲ አምርቶ ነበር። ግን ቫይረሱን የሚያስቆም አልነበረም። ምክንያቱን አጥርቶ ለማወቅ አሥርተ ዓመታት ፈጀ።

አርኤስቪ ሴል ውስጥ የሚገባበት ፕሮቲን ኤፍ ይባላል። ይህ ፕሮቲን እንደተወጠረ ወጥመድ ነው። ቫይረሱ ሴሉ ጋ እስኪደርስ ድረስ ተጣጥፎ ይጠብቃል። ሲደርስ ይስፈነጠርና የቫይረሱን ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር ያዋህዳል። አንዴ ከተስፈነጠረ ደግሞ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አይመለስም። ችግሩ ወጥመዱ በጣም ስስ መሆኑ ነው። በሙቀትም፣ በማቆየትም፣ በማዘጋጀትም ራሱ ይስፈነጠራል። በዚያ ክትባት ውስጥ የነበረው ኤፍ በአብዛኛው አስቀድሞ የተስፈነጠረው ነበር። የሕፃናቱ አካል የተማረው ሥራውን የጨረሰ ፕሮቲን መለየትን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው። እንዲያውም ቫይረሱን የማያስቆመው አንቲቦዲ በሳንባቸው ውስጥ ተከማችቶ የሳንባቸውን መቆጣት አባባሰው፤ የመከላከያ ሥርዓታቸውም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ተነሣሥቶ ነበር።

መፍትሔው የመጣው በ2013 ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራሃምና ፒተር ኳንግ ያሉበት ቡድን ኤፍ ሳይስፈነጠር በፊት ምን እንደሚመስል አየ። ያልተስፈነጠረውን ቅርጽ ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ተጠቅመው ነው ባለበት ያቆዩት። በጣም ኃይለኞቹ አንቲቦዲዎች የሚያርፉበት ቦታ የፕሮቲኑ አናት ላይ ተገኘ። ይህ ቦታ ፕሮቲኑ ሲስፈነጠር ይጠፋል! ለዚህ ነበር ለዓመታት ያልታየው። ከዚያ የፕሮቲኑን የተወሰኑ ክፍሎች ቀይረው ወጥመዱ ተወጥሮ እንዲቀር አደረጉ። ስፌት ጨመሩበት ልበል፤ ክፍተቱንም ሞሉት። በዚህ ቅርጽ የተከተቡ እንስሳት ያመረቱት አንቲቦዲ ከቀድሞው እጅግ የበረታ ነበር።

በ2023 በዚህ መንገድ የተሠሩ ሁለት ክትባቶች አሜሪካ ውስጥ ለአረጋውያን ተፈቀዱ። አንደኛው በዚያው ዓመት ለነፍሰ ጡሮችም ተፈቀደ፤ እዚያ የሚሰጠው ከ32ኛው እስከ 36ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የእናትየው አንቲቦዲ በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፤ ሕፃኑ ሲወለድ ይዞት ይወለዳል። ለሕፃናት በቀጥታ የሚወጋ የተዘጋጀ አንቲቦዲም አለ፤ ኒርሴቪማብ ይባላል። የሚያርፈው እዚያው የጠፋው አናት ላይ ነው። የልጅዎ ጊዜ አልፏል። ሌላ ልጅ ካሰቡ ግን የአርኤስቪ ክትባትንና ኒርሴቪማብን በስም ጠርተው ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ "የኮሮና ክትባት በጥድፊያ ተሠራ ይባላል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሁለት አሚኖ አሲድ መቀየር ብቻ ነው የፈጀው ሲባል ሰማሁ። የቱ ነው እውነቱ?"

ወንድሜ፣ ሁለቱ ወሬዎች አንድ ታሪክ ናቸው። ስፓይክም እንደ ኤፍ የተወጠረ ወጥመድ ነው። አሚኖ አሲድ የፕሮቲን መገንቢያ ጡብ ነው፤ ስፓይክ 1,273 አሉት። 986ኛውና 987ኛው ፕሮሊን በሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ተተኩ። ፕሮሊን ግትር ነው፤ እንደልብ አይተጣጠፍም። ስፓይኩ ሲስፈነጠር ቀጥ ብሎ መዘርጋት ያለበት ቦታ ላይ ሁለት ፕሮሊን ሲገባ ዝርጋታው ይታገዳል። ቅርጹ እንደተጠበቀ ይቆያል።

ይህ ብልሃት ግን በ2020 የተፈጠረ አይደለም። ከአርኤስቪ የተማሩት ሰዎች ሜርስ የሚባለውን ሌላ ኮሮና ቫይረስ ሲያጠኑ ያገኙት ነው። በ2017 አሳትመውታል። በጃንዋሪ 2020 የአዲሱ ቫይረስ የዘረመል ቅደም ተከተል ይፋ ሲሆን የት ቦታ ላይ ፕሮሊን እንደሚገባ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ማርች 16 ቀን 2020 የመጀመሪያው ፈቃደኛ ተከተበ። የፋይዘር፣ የሞደርና፣ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንና የኖቫቫክስ ክትባቶች ሁሉም እነዚህን ሁለት ፕሮሊኖች ይዘዋል። ስለዚህ ከሁለት ወር በስተጀርባ አሥርተ ዓመታት አሉ። "በጥድፊያ" የሚለው ቃል እነዚያን ዓመታት ስለሚሰርዝ ያመኛል።

አንድ አባት፦ "ልጆቼ ለኩፍኝ የተከተቡት ሁለት ጊዜ ነው፤ አለቀ። የኢንፍሉዌንዛው ግን በየዓመቱ ነው። ሳይንቲስቶቹ ኢንፍሉዌንዛ ላይ ሰነፉ እንዴ?"

አልሰነፉም። የፕሮቲኖቹ ጠባይ ነው የተለያየው።

ሁለቱም ቫይረሶች ራሳቸውን ሲገለብጡ ስህተት ያበዛሉ። ኩፍኝ ሴል የሚይዝበት ፕሮቲን ግን ለውጥ አይችልም። ዋና ዋና ቦታዎቹ ላይ ሲቀየር መያዝ ያቅተዋል፤ የተቀየረው ቫይረስ እዚያው ይቀራል። ብዙዎቹ የዛሬ የኩፍኝ ክትባቶች መነሻቸው በ1954 ከአንድ ታማሚ ልጅ የተወሰደ ቫይረስ ነው። ዛሬም ይሠራል። ሁለት ዶዝ የወሰደ ሰው ወደ 97 በመቶ ጥበቃ አለው።

ሄማግሉቲኒን ሌላ ነው። ራስና ግንድ አለው ብለው ያስቡት። አንቲቦዲያችን የሚያየው በአብዛኛው ራሱን ነው። ራሱ ደግሞ ሥራውን ሳያቋርጥ መልኩን መቀየር ይችላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ዓመት በሁለት ጊዜ፣ ለሰሜኑና ለደቡቡ የዓለም ክፍል፣ የትኛው ዝርያ ክትባቱ ውስጥ ይግባ ብሎ የሚመክረው። ከዚህ የባሰም አለ። የኢንፍሉዌንዛ ዘረመል በስምንት ቁራጭ የተከፈለ ነው። የሰውና የወፍ ቫይረስ አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ ቁራጮቹን ሊለዋወጡ ይችላሉ። በ1957 እና በ1968 ዓለምን ያዳረሱት ወረርሽኞች እንዲህ የተወለዱ ናቸው።

ግንዱ ግን ብዙም አይቀየርም። ራሱን አስወግዶ ግንዱን ብቻ ለአካላችን የሚያሳይ ክትባት በሰዎች ላይ እየተሞከረ ነው። እኔ በግሌ በጉጉት ከምጠብቃቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ስሟን ያልገለጸች ደዋይ፦ "ለኮሮና በአንድ ዓመት ክትባት ተገኘ። ለኤችአይቪ 40 ዓመት አልበቃም? ነው ወይስ ስለማይፈልጉ ነው?"

ቁጣሽ ይገባኛል። ብዙ ሰው ያጣንበት በሽታ ነው። ግን መፈለግ አልጎደለም፤ ፕሮቲኑ ነው የከበደው።

አንድ የኤችአይቪ ቅንጣት ላይ ያሉት የገጽ ፕሮቲኖች በአማካይ 14 ያህል ብቻ ናቸው። ከላይ በስኳር ተሸፍነዋል። ከፊተኛው ክፍል ክብደት ግማሽ ያህሉ ስኳር ነው። ስኳሩን የለጠፈለት ደግሞ የራሳችን ሴል ስለሆነ አካላችን እንደ ባዕድ አይቆጥረውም። የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ማለት ነው። ለውጡም ማቆሚያ የለውም፤ አንድ ሰው ውስጥ ያለው ቫይረስ ራሱ ብዙ ዓይነት ይሆናል። በ2009 ውጤቱ የተነገረው የታይላንዱ ሙከራ 31 በመቶ ያህል ጥበቃ አሳየ። ተስፋ ሰጠ፤ አልበቃም። ተመሳሳዩ በደቡብ አፍሪካ ሲሞከር አልሠራምና በ2020 ቆመ።

ተስፋ አለ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ። አንዳንድ ሰዎች ከተያዙ ከዓመታት በኋላ ብዙ የኤችአይቪ ዓይነቶችን የሚያስቆም አንቲቦዲ ያመርታሉ። ግን ይህ አንቲቦዲ ረጅም መንገድ የሚሄድ ነው፤ አካል ደረጃ በደረጃ ነው የሚያሠለጥነው። አሁን ተመራማሪዎች መንገዱን ከመጀመሪያው እርምጃ ለመምራት ፕሮቲን እየነደፉ ነው። በ2022 በታተመ አንድ አነስተኛ ሙከራ፣ ከ36 ተከታቢዎች 35ቱ የመጀመሪያውን እርምጃ ሄደዋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ይቀራል። ክትባት አለን ማለት አይደለም። የሚሄዱበት አቅጣጫ ግን ተገኝቷል።

አንድ ወጣት፦ "ክትባቱ ራሱ በሽታውን ቢያስይዘኝስ?"

አንድ የገጽ ፕሮቲን ብቻ ከያዘ አይችልም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1986 ጀምሮ እርሾ ውስጥ የሚመረት ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ በአጠገቡም አላለፈም። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባትም እንዲሁ ነው። 360 የአንድ ፕሮቲን ቅጂዎች በራሳቸው ተገጣጥመው ቫይረስ የሚመስል ባዶ ኳስ ይሠራሉ። ውስጡ ዘረመል ስለሌለ የሚራባ ነገር የለም። ከመርፌው በኋላ ትኩሳት ወይም የክንድ ሕመም ቢሰማህ አካልህ ሥራ መጀመሩ ነው።

የመጨረሻው ደዋይ፦ "አያቴ 'ታምሞ የዳነ ሰው ይበልጣል' ይላሉ። ተፈጥሮ ከክትባት አይሻልም?"

አያትዎን እጅ ነሥቼ ልመልስ። ስለ ኩፍኝ ከሆነ በከፊል ልክ ናቸው፤ አንዴ የታመመ ሰው ዳግም አይታመምም። አርኤስቪ ላይ ግን ልክ አይደሉም። ታምሞ የዳነ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ይያዛል። ኤችፒቪ ላይም ክትባቱ የሚያስገኘው አንቲቦዲ ከሕመሙ ከሚገኘው በብዙ ይበልጣል። ቫይረሱ ፊቱን ደብቆ ይኖራል፤ ክትባቱ ያንኑ ፊት ገልጦ ያሳያል።

ኩፍኙ ላይም አንድ ነገር ይንገሯቸው። በ2019 የታተመ ጥናት ያልተከተቡ ሕፃናትን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ አነጻጽሮ ነበር። ኩፍኝ ሌሎች በሽታዎችን የሚያስታውሱ አንቲቦዲዎቻቸውን ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥፍቶባቸዋል። ከዚህ ቀደም የተቋቋሟቸውን ጀርሞች እንደገና ከዜሮ መማር አለባቸው። በተከተቡት ሕፃናት ላይ ይህ ጥፋት አልታየም።