ከእርማት በፊት ደብተሩን አብሮ ማንበብ

አቅራቢ ሀ፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ውይይታችን መምህራን የተማሪዎቻቸውን ሥራ አንድ ላይ ተቀምጠው ስለሚመረምሩበት አሠራር ነው። ጋሼ፣ በአገራችን አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ እንዲያውል ይጠበቃል፤ ይህ ሰዓት በምን ላይ ቢውል ይሻላል ይላሉ?

አቅራቢ ለ፦ ገሚሱ በተማሪ ደብተር ላይ ቢውል እመርጣለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ብዙዎቻችን ደንግጠናል፤ ነገር ግን ያ አኃዝ ልጁ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ትምህርት ላይ እንደተደናቀፈ አይናገርም።

አቅራቢ ሀ፦ እስቲ በምሳሌ ያሳዩን።

አቅራቢ ለ፦ ከ402 ላይ 178 ይቀነስ የሚል ጥያቄ ውሰጂ። አንዱ ልጅ 376፣ ሌላው 324 ብሎ ጻፈ እንበል፤ በእርማት ጊዜ ሁለቱም እኩል ኤክስ ይደረግባቸዋል። የመጀመሪያው ግን በየቤቱ ትንሹን ቁጥር ከትልቁ እየቀነሰ ነው የሄደው፤ ከ2 ላይ 8 አልቀነስ ቢለው ገልብጦ 6 ጻፈ፣ በአስር ቤትም እንዲሁ አድርጎ 7 አገኘ። ሁለተኛው መበደርን ያውቃል፤ 2ቱን 12፣ ዜሮውን 9 አድርጎታል፤ ሆኖም ብድሩ የመጣው ከመቶ ቤት መሆኑን ስለዘነጋ 4ቱን ሳይነካ ተወው።

አቅራቢ ሀ፦ እንግዲያው «መቀነስን እንደገና እናስተምር» ተብሎ የሚዘጋጀው የማጠናከሪያ ትምህርት ለሁለቱም አይሆናቸውም ማለት ነው።

አቅራቢ ለ፦ አይሆንም። የመጀመሪያው የቁጥር ቤት ትርጉም ገና ስላልገባው፣ በአስር በአስር የታሰሩ እንጨቶችን እየፈታ በእጁ ሊያየው ይገባል፤ ለሁለተኛው ግን አንድ መቶ ተመንዝሮ ዘጠኝ አስርና አስር አንድ ሲሆን፣ መቶ ቤት 3 እንደሚቀረው ማሳየት ይበቃዋል። ስድሳ ደብተር ብቻውን የሚያርም መምህር ይህን ልዩነት ሊያልፈው ይችላል፤ ሦስት አራት ሆነው ደብተሮቹን በመልስ ዓይነት ከለዩዋቸው ግን መንገዱ ወዲያው ይታያል።

አቅራቢ ሀ፦ አንዳንድ መምህራን የተማሪዎቻቸውን ደብተር ለባልደረባ ማሳየት የሚከብዳቸው፣ ነገሩ ወደ ሥራ አፈጻጸም ግምገማ እንዳይዞርባቸው ስለሚሰጉ ይመስለኛል።

አቅራቢ ለ፦ ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የመምህሩ ብቃት ከተመዘነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጡት የጎበዞቹ ደብተሮች ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ የተማሪውም የክፍሉም ስም ተሸፍኖ፣ ከ«ሰነፍ ነው» እና ከ«አልተማረም» በፊት «ልጁ ምን አደረገ?» የሚለው ብቻ ይጠየቅ። ርዕሰ መምህሩም ቢገኙ እንደ አንድ አንባቢ ይቀመጡ።

አቅራቢ ሀ፦ ትክክል የመለሱትስ?

አቅራቢ ለ፦ እነርሱም ይታዩ፤ 224 ብሎ የጻፈ ልጅ ከጎረቤቱ ቀድቶ ሊሆን ይችላልና፣ ሁለት ሦስቱን ጠርቶ «እንዴት እንደሠራኸው ንገረኝ» ማለት ያስፈልጋል።

አቅራቢ ሀ፦ የተለወጠው ትምህርት መሥራቱስ በምን ይታወቃል?

አቅራቢ ለ፦ ከሳምንት በኋላ ከ503 ላይ 267 እንዲቀንሱ ይሰጣቸው። 364 የሚል መልስ ከመጣ የቀድሞው ልማድ አልለቀቀም፤ 336 ከሆነ መቶ ቤቱ አሁንም ተረስቷል። መምህራኑም እነዚያኑ ደብተሮች ይዘው እንደገና ይቀመጣሉ።