ጣሪያውን የተሸከሙት የፎርድ ጎማዎች

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝን አንድ ነገር ብቻዬን ላወራችሁ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ፍላግስታፍ ከተማ አጠገብ፣ ማርስ ሂል በተባለ ጥዳማ ኮረብታ ላይ ፐርሲቫል ሎዌል የሚባል ባለጸጋ በ1894 ያቋቋመው የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ አለ። በ1896 የተተከለው ቴሌስኮፑ የሌንሱ ስፋት 61 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሌንስ ሠሪዎቹ የአልቫን ክላርክ ቤተሰብ ሥራ ነው። ሎዌል በዚህ መሣሪያ ማርስን እየተመለከተ ቦይ የቆፈሩ ፍጡራን አሉባት ብሎ ጻፈ፤ ተሳሳተ። በዚሁ መሣሪያ ግን የጣቢያው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቬስቶ ስላይፈር በ1912 አንድሮሜዳ የተባለችውን ጋላክሲ (የከዋክብት ስብስብ) ብርሃን ተንትኖ፣ በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እኛ እንደምትገሰግስ ለካ፤ ቀጥሎም ከለካቸው ጋላክሲዎች አብዛኞቹ እየራቁን መሆናቸውን አገኘ።

ከ2014 እስከ 2015 ቴሌስኮፑ ለጎብኚ ተዘግቶ ተፈታ፤ እያንዳንዱ ክፍል ጸድቶና ታድሶ ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ የደረስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ነሐሱ ያብረቀርቃል። አስጎብኚው ማብሪያውን ሲጫን ከእንጨት የተሠራው ክብ ጣሪያ እያቃሰተ መዞር ጀመረ፤ ቀና ብዬ ብመለከት የተሸከሙት የመኪና ጎማዎች ናቸው! የ1954 ፎርድ ፒክአፕ ጎማዎች መሆናቸውን ነገሩን።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ መሣሪያውን ወደ ጥንቱ ለመመለስ ይህን ያህል ተደክሞ ጎማው ለምን እንዳለ ተተወ ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን፣ «የጥንቱ» የምንለው የየትኛው ቀን ነው? ቴሌስኮፑ ራሱ ገና ከተተከለ ዓመት ሳይሞላው ተነቅሎ ሜክሲኮ ደርሶ ተመልሷል። ጣሪያውም በአንድ ወቅት በጨው ውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ተሞክሯል። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ እንመልስ ብንል፣ በ1960ዎቹ ሰውን ጨረቃ ላይ ላሳረፈው የአሜሪካ የአፖሎ ጉዞ የጨረቃ ካርታ ሲሠራ ጣሪያውን ያዞሩትን ጎማዎች አውጥተን ልንጥል ነው። ለእኔ ጎማዎቹ የመሣሪያው አካል ናቸው፤ የታደሰው መሣሪያ ደግሞ ዛሬም የሚሠራ መሣሪያ ነው።

ከትልቁ ቴሌስኮፕ ጎን ከተገጠሙት አነስተኛ መነጽሮች የአንዱ ክዳን የወጥ ቤት መጥበሻ ነው። አስጎብኚው እጀታውን ይዞ አነሳውና፣ «ተራዎ ነው» አለኝ። ፕላኔቷ ሳተርን ከነቀለበቷ፣ ከጥፍር ያነሰች ሆና፣ ትንቀጠቀጥ ነበር።